የእሽቅድምድም ሞዴል ጀልባ የሻፍት ቱቦ አገጣጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የቀረቡት መልሶች ከ70 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላላቸው፣ በባትሪ ለሚሠሩና ፕሮፔለራቸው ግማሹ ከውሃ በላይ ሆኖ ለሚዞር የሩጫ ጀልባዎች ነው። ልኬቶቹ በአብዛኛው የ4.76 ሚሜ ተጣጣፊ ኬብልን ይመለከታሉ፤ ኬብሉ የሞተሩን ዙር ወደ ፕሮፔለሩ ያደርሳል፣ የሻፍት ቱቦ የሚባለውም ኬብሉ በውስጡ የሚዞርበት ቱቦ ነው። ገበያው በኢንች ስለሚያወራ ይኸው ኬብል 3/16 ተብሎም ይሸጣል። አራት ስሞች ደጋግመው ይመጣሉ። ኮሌት የሞተሩን ዘንግና ኬብሉን ጨብጦ የሚያያይዘው ነው። ስትራት ከጀልባው ኋላ ታስሮ የፕሮፔለሩን አጭር ዘንግ ይሸከማል፤ በውስጡ ያለው ማንሸራተቻ ቦኮላ ይባላል። ድራይቭ ዶግ ደግሞ ፕሮፔለሩን ነክሶ የሚያዞረው ቀለበት ነው።

ኬብሉ እያለ ቱቦው ለምን ያስፈልጋል? ውሃ ለመከልከል ብቻ ነው?

አይደለም። ባለ 4 ሴል ሊፖ ባትሪ 14.8 ቮልት ነው፤ 2000 ኬቪ (ማለትም በአንድ ቮልት በደቂቃ 2000 ዙር) የሆነ ሞተር ከዚህ ባትሪ ጋር ያለ ጭነት በደቂቃ 29,600 ዙር ይዞራል። በዚህ ፍጥነት ሁለት ጫፉ ብቻ የተያዘ ኬብል ቀጥ ብሎ አይዞርም፤ ልጆች እንደሚያዞሩት የመዝለያ ገመድ መሃሉ ሆድ አውጥቶ ይገርፋል። ቱቦው ያንን ሆድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አቅፎ ይይዘዋል። ስለዚህ ቱቦውን እንደ ረጅም ኩሽኔታ ማየት ነው የሚሻለው። ኩሽኔታ ጠምዝዞ የሚያስር የለም፤ ቱቦንም ወደ ቦታው በግድ እየገፉ ማጣበቅ ያው ጥፋት ነው።

የትኛውን ቱቦ ልግዛ?

በሞዴል ሥራ የተለመደው ስስ የናስ ቱቦ ነው፤ በሱቅ አጠራር ብራስ። ግድግዳው 0.36 ሚሜ ያህል ሲሆን ብዙውን ጊዜ በ305 ሚሜ ቁራጭ ይሸጣል። መጠኖቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲንሸራተት ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ይህ ኋላ ላይ ይጠቅማል።

ለ4.76 ሚሜ ኬብል ሁለት ምርጫ አለ። የቴፍሎን ሽፋን (በናሱና በኬብሉ መካከል የሚሆን አንሸራታች የፕላስቲክ ቱቦ) ውስጡ የሚገባ ከሆነ የውጭ ስፋቱ 7.14 ሚሜ የሆነ ቱቦ ይያዙ፤ የውስጥ ስፋቱ 6.43 ሚሜ ይሆናል፣ የውጭ ስፋቱ 6.35 ሚሜ የሆነ ቴፍሎንም ሳይጨናነቅ ይገባል። ያለ ቴፍሎን ከሆነ 6.35 ሚሜ ቱቦ ይበቃል፤ ውስጡ 5.64 ሚሜ ስለሆነ ለኬብሉ 0.9 ሚሜ ያህል ክፍተት ይተርፋል፤ ግሪሱ የሚቀመጠውም እዚያ ነው። ለትናንሽ ጀልባዎች 3.81 ሚሜ ኬብል በ5.56 ሚሜ ቱቦ ውስጥ ይሄዳል። ለከባዶቹና ለቤንዚን ሞተሮች የሚሆነው 6.35 ሚሜ ኬብል ደግሞ ያለ ቴፍሎን በ7.94 ሚሜ ቱቦ ውስጥ ይሠራል።

ሱቁ የሚሸጠው በሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ካሊፐር ይዘው ይሂዱ፤ የውስጥ ስፋቱ ከኬብሉ ከ0.8 እስከ 1 ሚሜ ይብለጥ። ከዚያ ከጠበበ ግሪስ ቦታ ያጣል። ከሰፋ ደግሞ ኬብሉ ውስጡ እየተንቀጫቀጨ ይዞራል።

ቴፍሎን የግድ ነው?

የግድ አይደለም፤ በኤሌክትሪክ ጀልባ ላይ ግን ባይቀር ይመረጣል። ድምፁን ይቀንሳል፣ ናሱንም ከኬብሉ ሽቦ ይጠብቃል። ያለ ቴፍሎን የሚሠራ ቱቦ ከጥቂት ሩጫ በኋላ ግሪሱን ያጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ የተፋቀ ናስና ብረት ነው። የቤንዚን ሞተር ያላቸው ብዙዎች ግን ቴፍሎኑን ትተው ናሱን በግሪስ ማጥገብ ይመርጣሉ። ሩጫው ረዘም ያለ ስለሆነ ሽፋኑ ሲሞቅና ሲያልቅ የሚያመጣውን ጣጣ አይፈልጉትም።

ቴፍሎን ሲሞቅ ወደ ርዝመቱ ይለጠጣል። በስትራቱ በኩል ከቱቦው ጫፍ 3 ሚሜ ወደ ውስጥ አጥረው ይቁረጡት፣ በሞተሩ በኩል ደግሞ 4 ሚሜ ይውጣ። እኩል አድርገው ቢቆርጡት ሞቆ ሲረዝም ቦኮላውን ይነካና ዙሩ ሳይታሰብ ይከብዳል። የሚቆርጡት በስለታም ምላጭ፣ ኬብሉን ወይም አንድ ዘንግ ውስጡ አስገብተው በዙሪያው እያሽከረከሩ ነው። በመቀስ ከተቆረጠ አፉ ይጨፈለቃል።

ከየት ልጀምር? ከሞተሩ ነው ከስትራቱ?

ከስትራቱ። ቅደም ተከተሉ ስትራት፣ ሞተር፣ መጨረሻ ላይ ቱቦ ነው። ቱቦውን መጀመሪያ አጣብቆ ሞተሩን ወደ ቱቦው አፍ ለማምጣት የሚታገል ሰው ብዙ ነው፤ የሚሰበሩት ኬብሎች አብዛኞቹም የሚመጡት ከዚያ ነው።

ጀልባውን ዝርግ በሆነ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። የመስኮት መስታወት ከጣውላ ይሻላል፤ ጣውላ ይጣመማል። ስትራቱን ዜሮ ዲግሪ ያድርጉት፤ ማለትም የፕሮፔለሩ ዘንግ ጀልባው ሲሮጥ ከሚንሳፈፍበት የታች ገጽ ጋር ትይዩ ይሁን። ከፍታውን በተመለከተ፣ ባለ ሁለት እግር ካታማራን ላይ የዘንጉን መሃል ከእግሮቹ የታች ገጽ ጋር እኩል አድርገው ይነሱ። ባለ አንድ ቀፎ (የጀልባው አካል) ጀልባ ላይ የስትራቱ ታች ከቀፎው ታች ጋር ይስተካከል። ሁለቱም መነሻ ናቸው እንጂ መጨረሻ አይደሉም፤ ውሃ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍና ዝቅ መደረጋቸው አይቀርም። ስለዚህ ስትራቱ በማስተካከያው መሃል ላይ እያለ ቱቦውን ይገጥሙታል። ጫፍ ላይ ሆኖ ከተጣበቀ ግን በኋላ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ።

ቀጥሎ ሞተሩን የባትሪዎቹ ቦታ በሚፈቅደው መጠን ዝቅ አድርገው ያስሩ፣ አፍንጫው ወደ ኋላና ወደ ታች ይመልከት። እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ይጠቅማል። ሞተሩ 6 ዲግሪ ካዘነበለና ስትራቱ ዜሮ ከሆነ ቱቦው የሚጎብጠው 6 ዲግሪ ብቻ ነው። ያ በ150 ሚሜ ርዝመት ላይ ከተዘረጋ የጎባጣው ራዲየስ 1.4 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለዓይን እንኳ በጭንቅ የሚታይ ነው። ሞተሩ አግድም ከታሰረ ግን ቱቦው መጀመሪያ ወደ ታች፣ ኋላ ደግሞ ወደ አግድም መታጠፍ አለበት፤ ሁለት ጎባጣ፣ ሁለት የመፋተጊያ ቦታ። የሞተር መያዣውን ሥር በሁለት ሮንዴላ ከፍ ማድረግ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ቱቦውን ሳይጨፈለቅ እንዴት አጎብጠዋለሁ?

ትንሽ ጎባጣ፣ ከላይ እንደተጠቀሰው ዓይነት፣ በእጅ አውራ ጣት እየተገፋ ይወጣል። ከዚያ በላይ ከሆነ ናሱን ማለስለስ ያስፈልጋል፤ ከፋብሪካ ሲመጣ ጠንካራ ነውና ከተገደደ እንደ ገለባ ይሰበራል።

የሚጎብጠውን ክፍል ብቻ በፔን ምልክት ያድርጉበት። ብርሃኑ ደብዘዝ ባለ ቦታ በጋዝ እሳት እያንቀሳቀሱ ያሙቁት። ፀሐይ ላይ ከሆኑ ቅላቱን ሳያዩት ያልፍና ናሱ ይቀልጣል። ደብዛዛ ቀይ እንደታየ እሳቱን ያንሱ። ናስ እንደ ብረት አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ቢነከርም ለብቻው ቢቀዘቅዝም አይጠነክርም። ሁለቱን ጫፎች ግን አያሙቁ፤ ክብነታቸውን የሚጠብቀው ጥንካሬያቸው ነው።

ቱቦው ሲቀዘቅዝ አንዱን አፍ በስኮች ወይም በቡሽ ይድፈኑትና ደረቅ የገበታ ጨው ይሙሉት። እየሞሉ ቱቦውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ እያሉ ያንኳኩ፤ ሞላ ያሉት ጨው ሦስትና አራት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይሰጥማል። እንደገና ይሙሉ፤ ጭራሽ መስጠም ሲያቆም ሌላውን አፍ ይድፈኑ። አሸዋም ይሠራል፣ ግን አንዲት ቅንጣት ውስጡ ከቀረች ቴፍሎኑን ትበላዋለች፤ ጨው በሞቀ ውሃ ይሟሟል። ጨው የሞላና የተደፈነ ቱቦ ላይ እሳት አያስጠጉ። ውስጡ እርጥበት ካለ መድፈኛው እንደ ጥይት ይወረወራል።

አሁን በሰፊ ክብ ነገር ላይ ያጎብጡ። የአነስተኛ መኪና ጎማ ጥሩ ነው፤ የቀለም ባልዲ ጠባብ ይሆናል። ሁለቱን ጫፍ ይዞ መሳብ ሳይሆን፣ በአውራ ጣት ከመሃል ጀምሮ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር እያለፉ መጫን ነው ሥራው። ቱቦው ሲለቁት ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ትንሽ አሳልፈው ያጎብጡ። ከሞተሩ በኩል የመጀመሪያዎቹ 25 ሚሜ፣ ከስትራቱ በኩልም የመጨረሻዎቹ 25 ሚሜ ፍጹም ቀጥ ብለው ይቅሩ።

ጨው ሲታጠብ ውስጡ ክር የታሰረበት ጨርቅ ይጎትቱና ያድርቁ። ከዚያ ቴፍሎኑንና ኬብሉን አስገብተው በሁለት ጣት ያዙሩት። በእኩል ቅለት መዞር አለበት። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ የተጨፈለቀ ነጥብ አለ ማለት ነውና ያን ቱቦ ይጣሉት። የተጨፈለቀ ቱቦን በፒንሳ ለማቃናት የሚፈጀው ሰዓት ከአዲስ ቱቦ ዋጋ ይበልጣል።

ቀፎውን ምን ያህል ልቅደድ?

ክብ ቀዳዳ አይደለም የሚያስፈልገው፣ ረጅም ስንጥቅ ነው። 7.14 ሚሜ ቱቦ በ6 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ከቀፎው ሲወጣ የሚፈልገው ርዝመት 68 ሚሜ ገደማ ነው፤ በ10 ዲግሪ 41 ሚሜ። የቀፎው ውፍረትም ስንጥቁን ይበልጥ ያስረዝመዋል። በመሃል መስመሩ ላይ የወረቀት ስኮች ይለጥፉ፣ መስመሩን ያስምሩ፣ በ3 ሚሜ ትራፓኖ ጫፍ ነጠብጣብ ቀዳዳዎች ይብሱና በሞረድ ያያይዟቸው። ከሚፈለገው አጥረው ይጀምሩ፤ ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ ግን ፑቲ ነው። የፋይበርና የካርቦን ብናኝ ሳንባም ቆዳም ይጎዳል፤ ጭንብል ያድርጉ፣ የሚቻል ከሆነ እያረጠቡ ይሞርዱ።

ቱቦው በስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ጎኖቹን መንካት የለበትም። ዙሪያውን 1 ሚሜ ክፍተት ቢኖረው ማጣበቂያው የሚሞላው ቦታ ያገኛል፣ ቱቦውም በቀፎው አይገፋም።

እንዴት ላጣብቀው?

ከማጣበቅ በፊት ያለው ሥራ ከማጣበቁ ይበልጣል። ናሱን ማጣበቂያው በሚያርፍበት ቦታ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስኪቧጨር ያሹት፣ የቀፎውንም ውስጥ እንዲሁ፣ ከዚያ ሁለቱን በአልኮል ይጥረጉ። የሚያብረቀርቅ ናስ ላይ የፈሰሰ ኢፖክሲ እንደ ጥፍር ቀለም ተሰንጥቆ ይነሳል።

ማጣበቂያው ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ ይሁን፤ 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድ። የ5 ደቂቃው ለጊዜያዊ ማቆያ ካልሆነ በቀር ለዚህ ቦታ አይመከርም፤ ሙቀትና እርጥበት ሲደጋገምበት ይለሰልሳል። ኢፖክሲውን ብቻውን ካፈሰሱት በስንጥቁ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። በማይክሮ ባሉን ዱቄት ወይም በተፈጨ የመስታወት ፋይበር ለውዝ ቅቤ እስኪመስል ያወፍሩት፤ ማንኪያውን ሲገለብጡት መውደቅ የለበትም።

አሁን የጠቅላላው ሥራ ዋና ነጥብ ይመጣል። ቱቦውን፣ ቴፍሎኑንና በስሱ ግሪስ የተቀባውን ኬብል ሁሉንም ቦታቸው ያስገቡ፣ ኮሌቱን ያጥብቁ፣ ስትራቱንም ያስሩ። ቱቦው በኬብሉ ላይ እንደ ልብስ ይንጠልጠል፤ ማንም አይግፋው። ከዚያ ኮሌቱን ይፍቱና የኬብሉን ጫፍ ይመልከቱ። ባለበት ከቀረ መስመሩ ትክክል ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ዘለል ካለ፣ ኮሌቱ ኬብሉን እያጣመመ ያስረው ነበር። ሞተሩን በስፔሶሬ ያንቀሳቅሱ፣ እንደገና ያጥብቁ፣ እንደገና ይፍቱ። ይህ ስምንት ጊዜ ቢደጋገም አይሰልቹ፤ ኢፖክሲው ከደረቀ በኋላ የማይመለስ ብቸኛው ነገር ይኸው ነው።

ሲስተካከል በሁለት ነጥብ ላይ በፈጣን ማጣበቂያ ያቁሙት፣ ኬብሉን በእጅ እያዞሩ ያረጋግጡ፣ ከዚያ ወፍራሙን ኢፖክሲ ከውስጥ ያስገቡ። የቱቦው ሁለት አፎች በግሪስ ወይም በስኮች ይሸፈኑ። ኢፖክሲው እየጠነከረ ሳለ በየጥቂት ደቂቃው ኬብሉን ዞር ያድርጉት። እስከ ማግስቱ አይንኩት። ከውጭ የቀረውን ስንጥቅ ኋላ ላይ ሞልቶ ከቀፎው ጋር እኩል መሞረድ ይቻላል።

ኮሌቱና ቱቦው ምን ያህል ይራራቁ? ድራይቭ ዶጉስ?

በሞተሩ በኩል በኮሌቱና በናሱ መካከል 10 ሚሜ ገደማ ይኑር፤ 4 ሚሜ ቴፍሎን ወጣ ስለሚል ራቁቱን የሚታየው ኬብል 6 ሚሜ ነው። 20 እና 30 ሚሜ ክፍት የተተወበት ጀልባ ኬብሉ እዚያች ቦታ ላይ ይገርፋል። ከመጠን በላይ ማስጠጋት ደግሞ ቁልፍ የማስገቢያ ቦታ ያሳጣል።

በኋላ በኩል በስትራቱና በድራይቭ ዶጉ መካከል የኬብሉን ውፍረት ያህል፣ ለዚህ ኬብል ከ4 እስከ 5 ሚሜ፣ ክፍተት ይተው። ኬብሉ ከብዙ የሽቦ ጥቅልል የተሠራ ስለሆነ ጭነት ሲመጣበት ይጠብቅና ያጥራል፤ ፕሮፔለሩም ጀልባውን የሚገፋው ኬብሉን ወደ ፊት እየገፋ ነው። ክፍተቱ ከሌለ ድራይቭ ዶጉ ስትራቱን ይጫናል፣ ቦኮላው ይቃጠላል፣ የሞተር ሙቀት ይጨምራል። ይህ ጥፋት ጠረጴዛ ላይ አይታይም። በእጅ ሲያዞሩት ቀሎ የነበረ ነገር ውሃ ላይ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ብቻ ይከብዳል፤ ጥርጣሬ ካለ ከሩጫ በኋላ የስትራቱን የኋላ ፊት ይመልከቱ፣ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከተሣለበት ነክቷል።

ክፍተቱን አብዝቶ 10 ሚሜ ማድረግም ጥሩ አይደለም፤ ያልተደገፈ ዘንግ ይረዝማል፣ ፕሮፔለሩ ቆሻሻ ሲመታም የሚታጠፈው እሱ ነው።

ኬብሉ የትኛው አቅጣጫ ይዞራል የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

የላይኛው የሽቦ ሽፋን በአንድ አቅጣጫ የተጠመጠመ ነው። ሲዞር መጥበቅ እንጂ መፈታት የለበትም። መለያው ቀላል ነው፦ የፕሮፔለሩን ጫፍ ሞርሳ ላይ ሳይጎዱ ያስሩ፣ የሞተሩን ጫፍ በፒንሳ ይዘው ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠምዝዙ። ሽፋኑ ከጠበበና ከደረቀ ትክክል ነው። ሆዱ ከተነፋና ሽቦዎቹ ከተላቀቁ ያ ኬብል ለተቃራኒው አቅጣጫ የተሠራ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ተነፍቶ ግድግዳውን ይፍቃል። ሁለት ሞተር ባለው ጀልባ ሁለቱ ፕሮፔለሮች በተቃራኒ ስለሚዞሩ ሁለት ዓይነት ኬብል ያስፈልጋል።

ኬብሉን በምን ልቁረጠው?

በሚሽከረከር ስስ የመቁረጫ ዲስክ። ፒንሳና ሴጌቶ ጫፉን ይበትኑታል። ከመቁረጥዎ በፊት ቦታውን በስኮች ጠቅልለው መሃሉ ላይ ይቁረጡ፣ መነጽር ያድርጉ። ኮሌቱ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ግሪስ አይኑርበት፤ በአልኮል ይጠረግ። ግሪስ የነካው ኬብል ኮሌቱ ምንም ቢጠብቅ ይንሸራተታል።

ሲዞር ይጮኻል ወይም ይንቀጠቀጣል። ችግሩን በምን ልለየው?

ፕሮፔለሩን አውልቀው ይጀምሩ፤ እጅና ገመድ ከአካባቢው ይራቅ፤ ጋዙን ከ10 ሰከንድ ላላለፈ ጊዜ እስከ ግማሽ ብቻ ይስጡት። ያለ ፕሮፔለር ጸጥ ካለ ጥፋተኛው ፕሮፔለሩ ነው፤ ሚዛኑ አልተስተካከለም ወይም አጭሩ ዘንግ ታጥፏል። ያለ ፕሮፔለርም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኬብሉን አውጥተው ሞተሩን ብቻውን ያስኪዱ። ሞተሩ ብቻውን ጸጥ ካለ ከኮሌት እስከ ስትራት ያለው መስመር ነው የሚፈተሸው።

ቀጭን ፉጨት ብዙ ጊዜ የግሪስ እጥረት ነው። ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ሰፊ ቱቦ ውስጥ የሚገርፍ ኬብል ድምፅ ነው። በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ መጥቶ የሚጠፋ መንቀጥቀጥ ደግሞ ያልተደገፈ የቱቦ ክፍልን ያመለክታል፤ በቀፎው ውስጥ ከ100 ሚሜ በላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ቱቦ ካለ መሃሉ ላይ ትንሽ የጣውላ ድጋፍ ይሥሩለት። ድጋፉ በቱቦው ልክ ይሞረድ፤ ቱቦው ወደ ድጋፉ አይጎተት።

ዋት ሜትር ያለው ሰው ከጆሮ የተሻለ ዳኛ አለው። ሞተሩ ብቻውን በግማሽ ጋዝ የሚወስደውን አምፔር ይመዝግቡ፣ ከዚያ ኬብሉ ተገጥሞ በዚያው ጋዝ። ልዩነት መኖሩ አይቀርም። የሚያሳስበው ቁጥሩ በአንድ ቦታ አለመርጋቱ፣ ወይም በየሰከንዱ እየጨመረ መሄዱ ነው፤ ያኔ የሆነ ነገር እየሞቀ እየያዘ ነው።

በቱቦው በኩል ውሃ ይገባል። ምን ላድርግ?

ጀልባው ቆሞ ሲንሳፈፍ የቱቦው የሞተር በኩል አፍ ከውሃው ከፍታ በላይ መሆን አለበት፤ 15 ሚሜ ቢበልጥ ይመረጣል። ከውሃው በታች ከሆነ ግሪስ ለጊዜው ያግዳል እንጂ አያድንም። ከሁሉ በፊት ግን ውሃው የሚገባው በቱቦው ውስጥ ነው ወይስ በቱቦው ጎን? ኤሌክትሮኒክሱን በሙሉ አውጥተው ቀፎው ውስጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ውሃ ያፍስሱና ከታች ይመልከቱ። በስንጥቁ ጠርዝ ጠብ የሚል ነገር ካለ ኢፖክሲው አልያዘም፤ ያን ቦታ ሞርደው እንደገና ይሙሉት።

ኬብሉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል። ለምን?

የተበጠሰበት ቦታ ራሱ ይናገራል። ኮሌቱ አፍ ላይ ከሆነ ሞተሩና ቱቦው በአንድ መስመር አይደሉም። ኬብሉ በየዙሩ እዚያች ነጥብ ላይ ይታጠፋል፣ በደቂቃ 30 ሺህ ጊዜ። ከአጭሩ ዘንግ ጋር የተበየደበት አጠገብ ከሆነ በብየዳ ጊዜ ከመጠን በላይ ሞቆ ሽቦው ጥንካሬውን አጥቷል፣ ወይም የብየዳው አሲድ ሳይታጠብ ቀርቶ አዝጎታል። መሃል ላይ ከሆነ ዝገት ወይም የተጨፈለቀ ቱቦ።

በየስንት ጊዜ ግሪስ ልቀባ?

በሮጠበት ቀን ሁሉ። ማታ ኬብሉን አውጥቶ መጥረግ፣ ማድረቅ፣ ውሃ ገፊ ዘይት መርጨትና ሳይገጥሙ ማሳደር። በሚቀጥለው ጊዜ ከመሮጥ በፊት ውሃ የማያጥበውን የጀልባ ግሪስ ይቀቡታል። ጨዋማ ውሃ ላይ የሮጠ ከሆነ ማታ አይጠበቅም፤ እዚያው ዳርቻ ላይ በንጹህ ውሃ ይታጠብ። በሚጠርጉበት ጊዜ ቁራጭ ጥጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጎትቱበት። አንዲት ክር እንኳ ከያዘች የተበጠሰ ሽቦ አለ፤ ኬብሉ ተቀይሮ ነው ውሃ የሚነካው።

ከኬብል ይልቅ ቀጭን የብረት ሽቦ መጠቀም እችላለሁ?

ለትንሽና ቀላል ጀልባ፣ አዎ። የፒያኖ ሽቦ በቴፍሎን ውስጥ ሲዞር ከኬብል ያነሰ ጉልበት ይበላል፤ አያጥርም፣ ስለዚህ የኋላው ክፍተት 1 ሚሜ ቢሆን ይበቃዋል። ነገር ግን ጎባጣን አይወድም። ቱቦው ቀጥ ሊል ጥቂት የቀረው ካልሆነ ሽቦው በድካም ይሰበራል፣ ሲሰበርም ምልክት አይሰጥም።

ቱቦው ተበላሽቷል። ቀፎውን ሳልጎዳ እንዴት ላውጣው?

አስቀድሞ ያሰበ ሰው ቀላል መንገድ አለው። ከላይ እንደተባለው ቱቦዎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባሉ፤ ያለ ቴፍሎን ለሚሠራ ጀልባ 70 ሚሜ የሚሆን ባለ 7.14 ሚሜ እጅጌ ብቻ ቀፎው ላይ ተጣብቆ፣ ዋናው 6.35 ሚሜ ቱቦ በውስጡ በጥቂት ሲሊኮን ይያዛል። እጅጌው ቀጥ ያለው የቱቦ ክፍል ላይ ማረፍ አለበት፤ ጎባጣ ላይ ካረፈ ቱቦው አይወጣም። ቱቦው ሲያልቅ ሲሊኮኑን ቆርጦ መሳብ ነው።

በኢፖክሲ ከተጣበቀ ሙቀት ያስፈልጋል። ቴፍሎኑንና ኬብሉን ያውጡ፣ በቱቦው ልክ የሆነ የብረት ዘንግ ያስገቡ፣ ወደ ውጭ የቀረውን ጫፍ በትልቅ የብየዳ ካውያ ያሙቁ። ክፍት እሳት አይጠቀሙ፤ ቀፎው ራሱ ሬዚን ነው። ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። በየግማሽ ደቂቃው ቱቦውን በፒንሳ ጠምዘዝ ያድርጉት። ኢፖክሲው መጀመሪያ እንደ ጎማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ቱቦው አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ይላቀቃል። ሳይቀዘቅዝ በቀጥታ ወደ ኋላ ይሳቡት።